የወታደር ቅናሽ ይዞ ጅማ

የአክስቴ ልጅ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሳጅን ነው። የሚኖረው ቴክሳስ ነው። እረፍት በመጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ አንድ ነው፤ የወታደር ቅናሽ። እዚያ አገር መታወቂያውን ሳያሳይ ቡና እንኳን የሚገዛ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ሲመጣ ጅማን ላሳየው ይዤው ሄድኩ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ስለሆነ በሌሊት ተነሳን። ወልቂጤ ቁርስ ላይ ፍርፍሩን እየጠቀለልኩ፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ያ ቅናሽ የምር ያዋጣል?» አልኩት።

ሳቀ። ሆቴል ላይ ስንቴ እንደተሸወደ ነገረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። 10 ፐርሰንቱ የሚቀነሰው ብዙ ጊዜ ከሙሉው ዋጋ ላይ ነው። እዚያው ሆቴል ደግሞ አስቀድሞ ለከፈለና «ብቀር ገንዘቤ አይመለስ» ላለ ማንኛውም ሰው ሌላ ዋጋ አለ። አንዴ የ120 ዶላር ክፍል በመታወቂያው 108 ገባለት። ጎኑ ያደረው ተራ እንግዳ 99 ነበር የከፈለው።

«ስለዚህ ከንቱ ነው?» አልኩት።

«እሱን አላልኩም። የኔን እስከ ዋዜማው መሰረዝ እችላለሁ። አለቃዬ እረፍቴን ቢሰርዘውስ?»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ለወታደር 9 ዶላሯ የዋስትና ናት ማለት ነው።

ባቡሩ ላይ፣ አምትራክ የሚሉት፣ 10 ፐርሰንት ይቀንሱለታል። ብሔራዊ ፓርኮች በነፃ ይገባል፤ እዚህ ላይ ምንም ክርክር የለውም። ከሁሉ የሚያጓጓው ግን በጦሩ አውሮፕላን ባዶ ወንበር ሲገኝ በነፃ መሄድ ነው። ችግሩ «ሲገኝ» የምትለዋ ቃል ናት። አንዴ ጀርመን ሦስት ቀን ወንበር ጠብቆ፣ ሊያተርፍ ያሰበውን በመኝታና በምግብ ጨርሶ፣ በመጨረሻ በኪሱ ትኬት ቆረጠ። «ነፃ የሚባል ነገር...» ብሎ ሳይጨርስ መኪናው የግቤን ቁልቁለት ጀመረ። ሙቀቱ ፊታችን ላይ መጣ፤ ጃኬቱን አውልቆ ዝም አለ።

ጅማ ደርሰን በባጃጅ ሆቴል ሄድን። ሰውዬው አልቻለም፣ መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። እንግዳ ተቀባይዋ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ፎቶው ያምራል» አለችው። ቀጥላም «የወታደር ቅናሽ የለንም። ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ግን ላናግርላችሁ» አለች። ተነጋግራ ተመለሰች። 1,800 የነበረው ክፍል 1,500 ሆነ። መታወቂያው ባንኮኒው ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

በማግስቱ ጅሬን ወጣን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። እንጨቱ በረንዳ ላይ ቆመን ከተማዋን ቁልቁል አየን። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ ሰው ናቸው። ምን ከፍሎ ምን እንደሚያተርፍ የሚያውቅ እንዲህ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ከሰዓት በርጩማ ፍለጋ ገበያ ወጣን። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ምስማር የማያውቀው፣ ባለ ሦስት እግር ነው። ሁለት አማረው። «እንዴት ልትወስደው ነው?» ስለው ፊቱ በራ። ከዋሽንግተን ወደ ቴክሳስ የሚሄደው በሌላ ትኬት ነው፤ እዚያ መስመር ላይ ሌላው ሰው ለሻንጣ ይከፍላል። እሱ ግን በሥራ ላይ ያለ ወታደር ስለሆነ፣ ለግል ጉዞውም ቢሆን፣ ሻንጣው በነፃ ይጫናል። «እቺ ናት ያለ ምንም ክርክር የምታዋጣው» አለ። የሚያነጻጽረው ሌላ ዋጋ የለማ።

ጠራቢው ሽማግሌ ለሁለቱ 2,500 አሉ። እኔ 2,000 አልኩ። 2,200 ላይ ልንስማማ ስንል ሽማግሌው የአክስቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ወታደር ነው፣ አባባ» አልኳቸው፣ ይቀንሱልን እንደሆነ ብዬ።

«የት?»

«አሜሪካ።»

በርጩማውን ከእጁ ቀስ ብለው ተቀበሉት። «እንደሱ ከሆነማ 3,000 ነው።»