ሰባተኛው መስመር

በመድረክ ድምፅ ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ሕግ አለ፤ የሚንጣጣ መስመር፣ ማለትም ከአንድ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄድ የድምፅ መንገድ፣ ይዘጋል። የተበጠሰ ገመድ ወይም የላላ ሶኬት የሚያመጣው ጩኸት በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ከወጣ የተመልካቹን ጆሮ ይጎዳል፣ ውድ ዕቃም ያቃጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይዘጋል፣ ምክንያቱ በኋላ ይፈለጋል። እኔ በምሠራበት፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለ አነስተኛ አዳራሽ፣ የድምፅ ክፍል ኃላፊ የሆነው ሰው ይህን ሕግ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያከብር የኖረ ባለሙያ ነው። ገመዶቹን በየቀለማቸው ለይቶ ያስራል፤ ትርዒት ከመጀመሩ በፊት መስመሮቹ ሁሉ የሚስተካከሉበትን የሚክሰር ሰሌዳ ቁልፎች አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ያረጋግጣል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ምሽት የደረሰው ነገር በግዴለሽ ሰው እጅ እንዳልደረሰ እንዲታወቅልኝ ነው።

እንግዳችን ስሟ ገና መነሣት የጀመረ ወጣት ሴት ነበረች። ዘፋኝ ናት ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ዜማዎቿ አንዴ የሰማቸው ሰው ሲያንጎራጉራቸው የሚያመሽ የፖፕ ዜማዎች ናቸውና። መድረክ ላይ የምታደርገው ግን ከዘፈን ያልፋል። አቋቋሟ፣ የምትይዛቸው ዕቃዎች፣ ዝም የምትልበት ጊዜ ሁሉ የሥራው አካል ነው። እስከዚያ ድረስ የምትቀርበው በሥዕል ማሳያ ክፍሎችና በምድር ቤቶች ውስጥ፣ በጥቂት ሰዎች ፊት ነበር። ድምፁን የምታስተካክለው ራሷ፣ መብራቱን የምታጠፋው ራሷ፣ ወለሉን የምትወለውለውም ራሷ ነበረች። እኛ ዘንድ ስትመጣ ሥራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማታውቃቸው ሰዎች እጅ ሰጠች። የአንድ አርቲስት ዕድገት ሲወራ የተመልካች ብዛትና የክፍያ መጠን ይነሣል፤ ከመድረኩ ጀርባ ለምንሠራው ግን ዕድገት ማለት በዋናነት ይህ ርክክብ ነው።

የዝግጅቷ ማዕከል በረዶ ነበር። ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ በብረት ሳፋ ውስጥ የረጋ ትልቅ በረዶ። ውኃው ከመርጋቱ በፊት መካከሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ማይክሮፎን አስቀምጣበታለች፤ በአየር የሚመጣን ድምፅ ሳይሆን የጠጣር ነገርን ንዝረት የምትቀበል ዓይነት፣ ውኃ እንዳይገባት በጎማ የተለበጠች። አርቲስቷ በማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃ ስታፈስበት በረዶው መሰንጠቅ ይጀምራል። አጠገቡ ለቆመ ሰው እምብዛም የማትሰማ ድምፅ ናት። በማይክሮፎኗ በኩል ስትመጣ ግን በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ትንጣጣለች፤ አልፎ አልፎም ከሥር ከባድ ስንጥቅ ይመጣና ወለሉን ያንቀጠቅጣል። ዘፈኑ የሚጀመርበትን ቅጽበት የሚወስነው በረዶው ነው። እሷ የመጀመሪያዎቹን ስንጥቆች ትሰማለች፣ ከእነሱ ምት ታወጣለች፣ ከዚያ ትገባበታለች። ሁለት ምሽት አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

የእኔ ቦታ የመድረኩ ጎን ነው፤ ከመድረክ የሚመጡት ገመዶች ሁሉ የሚሰኩበትን ሳጥን እጠብቃለሁ። አጠገቤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ቆመው ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በቲያትር ቤት የመብራት ባለሙያ ነበሩ፤ አሁን ከእኛ ጋር የመድረክ ዕቃ ያስተካክላሉ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳፋውን ከመኪና አውርደው ወደ ማቀዝቀዣው ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

መብራቱ ወረደ። አርቲስቷ ውኃውን አፈሰሰች። አንድ ስንጥቅ ተሰማ፣ ተከታትሎ ትንሽ መንጣጣት፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። እሷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ሳጥኑ ላይ ዓይኔን ስጥል የሰባተኛው መስመር አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማለትም ድምፁ ከበረዶው እየወጣ ነው፣ ወደ አዳራሹ ግን አይደርስም። ለእሷም ጆሮ አይደርስም፤ የምትሰማው ከሚክሰሩ ተመልሶ የሚላክላትን ነውና።

የመድረክ መሪዋ በመነጋገሪያው በኩል፣ «ዝምታው የትርዒቱ አካል ነው፣ ማንም እንዳይነካ» አለች። አሳማኝ ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ብልሽትና ዕቅድ በውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፤ ተመልካቹም እንደዚያው አምኖ በአክብሮት ይጠብቃል። የተራ ባንድ ማይክሮፎን ቢጠፋ ከኋላ ወንበር ጭምር «አይሰማም!» የሚል ይነሣ ነበር። እዚህ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ እየጠበቀች ነው።»

«መሪዋ ዝምታው የሥራው ነው ትላለች፣ ጋሼ።»

«አይደለም። በፈቃዱ ዝም ያለ ሰው ዓይኑ እንዲህ አይንከራተትም። እኔ ቃሉ የጠፋበትን ተዋናይና ሆን ብሎ ዝም ያለውን ከመብራት ማማ ላይ ሆኜ ስለይ ነው የኖርኩት። እባክህ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅሁ። ኃላፊው ወዲያው መለሰልኝ፤ «ሰባት ገመዱ ተበላሽቷል፣ ሲንጣጣ ዘጋሁት።» ገመድ ሳይሆን በረዶው ራሱ እንደሆነ፣ መንጣጣቱ ሙዚቃው እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ የቆየው ዝምታ አጭር ነበር፤ ለእኔ ግን ረዘመብኝ። በዚህ መካከል እሷ ተንበርክካ መዳፏን በረዶው ላይ አሳረፈች፤ ስንጥቁን በጆሮዋ ስላጣችው በእጇ ፈለገችው። ያለ ምት፣ ያለ አጃቢ መዝፈን ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ መስመሩ ተከፈተ፣ ከሥር ያለው ትልቁ ስንጥቅም መጣ። ቃሉን ከመካከሉ ቆርጣ ጠበቀች፣ ሌላ መጣ፣ በእሱ ላይ ገባች። የተቀረው ምሽት እንደታሰበው ሄደ።

ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ። በመውጫው በር ላይ ብዙዎች ያነሡት ያን ረጅም ዝምታ ነበር፤ አርቲስቷንም ያሳዘናት ይኸው ነው። በማግሥቱ ስንሰበሰብ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «የተመሰገንኩት ባልሠራሁት ነገር ነው» አለችን። ይህን ስሰማ በእውነት ልቤ ተነካ። ለሥራዋ ታማኝ የሆነ ሰው ያልተገባው ጭብጨባ ይከብደዋል።

ምክንያቱን ስናጣራ ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የድምፅ ሙከራው የተደረገው በረዶው ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳለ ነው፤ ቀድሞ ከወጣ ይሟሟልና። በእሱ ፋንታ ሌላ እንዲህ ያለች ማይክሮፎን በባዶ ሳፋ ላይ ለጥፈው ሳፋውን በጣት መቱ፣ ኳ ኳ አለ፣ መስመሩ ይሠራል ተባለ። በመስመሮች ዝርዝር ላይም ከሰባት ቁጥር ፊት የተጻፈው «ሳፋ» የሚል አንድ ቃል ነበር። ኃላፊው የጠበቀው እንግዲህ ብረት ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ ነው። የመጣለት ከተበላሸ ገመድ የማይለይ ነገር ሆነ። በረዶ መኖሩንና መሰንጠቁን የምናውቀው ጋሼና እኔ፣ ዕቃውን የተሸከሙትም ጭምር ነን፤ ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን አያውቅም።

ኃላፊው ብዙ አልተናገረም። በኋላ ሁለታችን ገመድ ስንጠቀልል የአሜሪካዊቷን አርቲስት የሎሪ አንደርሰንን ሙዚቃ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚወድ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእሱ እጅ መድረሱ እንደቆጨው ነገረኝ። ቁጭቱ ገባኝ፤ ምክንያቱም የዚህ መንገድ ከፋች እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ኢሊኖይ የተወለደችው አንደርሰን በኒውዮርክ ቅርፃ ቅርፅ ያጠናች ናት። በ1970ዎቹ በኒውዮርክና በጣልያኗ ጄኖቫ ጎዳናዎች ላይ ቫዮሊን ስትጫወት የተጫማችው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ ስለቱ በበረዶ ውስጥ የተቀበረ ነበር። ትርዒቱ የሚያበቃው በረዶው ሟሙቶ ሚዛኗን ስትስት ነው። በ1977 ደግሞ የቫዮሊኗን መምቻ የፈረስ ጭራ አንሥታ በድምፅ የተቀረጸ የቴፕ ክር ተካችበት፣ ቫዮሊኑ ላይም የቴፕ ማንበቢያ ገጠመች፤ መምቻው ወዲያና ወዲህ ሲል ቃላት ወደፊትና ወደኋላ ይነገራሉ። ይህን ያላወቀ የድምፅ ባለሙያ ቴፑ ተበላሽቷል ብሎ ቢዘጋው ማን ይፈርድበታል?

በ1981 ያወጣችው «ኦ ሱፐርማን» ስምንት ደቂቃ ያልፋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥሩ ላይ የሚሄደው «ሃ» የምትል አንዲት የራሷ ድምፅ ናት፤ በላዩ ላይ ደግሞ ቮኮደር በተባለ የሰውን ድምፅ እንደ መሣሪያ ድምፅ በሚያደርግ ዕቃ የተለወጠ ድምፅዋ ይመጣል። በትንሽ የመንግሥት ድጎማ ተቀርጾ፣ በአንዲት ትንሽ አሳታሚ በኩል በጥቂቱ የታተመ ሸክላ ነበር። የቢቢሲው ጆን ፒል በሬዲዮ አሰማው፤ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ትእዛዙ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ዋርነር ብራዘርስ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ውል ገባች። በ1983 በብሩክሊን አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ ያቀረበችው «ዩናይትድ ስቴትስ» የተሰኘ ሥራ ሁለት ምሽት የፈጀ ነው። ያን ከጎዳና በረዶ እስከ ትልቅ መድረክ ያለ መንገድ ሳስበው የሚታየኝ በየደረጃው ሥራዋን የተቀበሉት የማይታወቁ እጆች ብዛት ነው። ከእነዚያ እጆች አንዱ «ሃ» የምትለዋን ድምፅ ሸክላው ስለተሰነጠቀ የምትደጋገም አድርጎ ቢያነሣት ኖሮ የተቀረው አይሰማም ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሁለት ነገር ተለወጠ። የድምፅ ሙከራ በእውነተኛው ዕቃ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለበረዶም ቢሆን ለሙከራ ብቻ የሚረጋ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ በረዶ ይዘጋጃል። በመስመሮች ዝርዝር ላይም አዲስ ዓምድ ተጨመረ፤ «ብልሽት የሚመስል ግን ያልሆነ» ይላል። ዓምዱን ያወጣው ኃላፊው ራሱ ሲሆን የመጀመሪያውን የሞሉት እሱና አርቲስቷ አብረው ተቀምጠው ነው። በሰባት ቁጥር ፊት የጻፉትን አንብቤዋለሁ፤ በረዶ ነው፣ ይንጣጣል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ አርቲስቷ እጇን ሳታነሣ መስመሩ አይዘጋ። እጅ ማንሣት የሚለው ሐሳብ የጋሼ ነው። በቲያትር ቤት ምልክት ያልተሰጠው ሰው መብራት አይነካም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ፤ ትክክልም ነበሩ።

አርቲስቷ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተጋብዛለች፤ ከእኛ በጣም የሚሰፉ አዳራሾች ውስጥም ቀርባለች። ወረቀቱን ይዛ ትሄዳለች፤ አሁን ብዙ ገጽ ሆኗል፣ የውኃው ሙቀት ሳይቀር ተጽፎበታል። አንድ ጊዜ ከአንደኛው አዳራሽ የድምፅ ባለሙያ ደውሎ ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ቀልድ እንደሆነ ጠየቀን። ስልኩን ያነሣው ኃላፊው ነበር፤ ሥራውን ሁሉ አቁሞ በረዶው እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ድምፅ የገመድ የትኛው የበረዶ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳው።

ዓምዱ በእኛ አዳራሽ ለሚመጣ ሁሉ ይሰጣል። አብዛኛው ሰው ባዶውን ይመልሰዋል። በቅርቡ የመጣ አንድ የጃዝ ቡድንም ባዶውን ሊመልስ ሲል ከበሮ መቺው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ «የግራው ሲምባል የተሰነጠቀ ነው፣ የምወደው እንደዚያው ነው፣ አትቀይሩልኝ» ብሎ ጻፈበት።