«ዕጣ መግዛት ማለትህ ነው?»

ባለፈው ዓመት እማዬን ልጠይቅ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ የዕድሩ ሰብሳቢ መጡ። «ኢኮኖሚክስ ነው አሉ የተማርከው። እሑድ ከስብሰባ በኋላ ስለዚህ ኑሮ ውድነት ትንሽ አስረዳን» አሉኝ። እማዬ እኔን ሳታስጨርስ «ምን ችግር አለው!» አለች። አለቀ።

ደስም ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው። እዚያ አምኸርስት በምትባል ከተማ ኢኮኖሚስቶች በ1979 እ.ኤ.አ. ሴንተር ፎር ፖፑላር ኢኮኖሚክስ የሚባል ስብስብ አቋቁመው ለሠራተኛ ማኅበራትና ለአክቲቪስቶች ኢኮኖሚክስን በቀላል ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። ስለ እነሱ ከሰማሁ ጀምሮ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ የተማርኩት ትምህርት ለሰፈሬ ሰውም አንድ ቀን ቢጠቅም እያልኩ እመኝ ነበር።

እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ቆምኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር እንዴት እንዳለፈ በግራፍ አሳየሁ። ማን ሊያየው! ፀሐይ ነው፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንድ አባት እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ግን ቀጠልኩ፣ «የገንዘብ የጊዜ ዋጋ» እያልኩ።

ከኋላ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት እጇን አወጣች። «ወንድሜ፣ ዕጣ መግዛት ማለትህ ነው?»

ላፕቶፑን ዘጋሁት። «እስቲ ንገሪን» አልኳት። ዕቁባቸው 20 ሰው ነው፣ በወር 5 ሺህ። መጀመሪያ የደረሰው 100 ሺህ ብር ያነሳል፣ ያለ ወለድ ብድር በለው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰውም ያው 100 ሺህ ነው፣ ግን 20 ወር ቆይቶ በዚያ ብር የሚገዛው ጤፍ ያው አይደለም። ስለዚህ እሷ ቀድሞ ከደረሰው ሰው ዕጣውን በ6 ሺህ ትገዛለች። «ጤፍ ሳይወደድ ልግዛ ብዬ ነዋ» አለች። እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ሴሚስተር ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በኋላ ግራፍ የለም። እነሱ ቁጥር ያመጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ወሬው ሲዞር ሲዞር ውሃ ላይ አረፈ፤ ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ የቀረውን ቀን በጋሪ የሚመጣ ጀሪካን ይገዛል። ባለ 20 ሊትሩ 15 ብር። የቧንቧ ውሃ የሚቆጠረው በሜትር ኪዩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ ማለት 50 ጀሪካን ስለሆነ 750 ብር መጣ። ድንኳኑ ዝም አለ። አንድ ቤት በአማካይ በቀን 4 ጀሪካን ቢገዛ በወር 1,800 ብር፣ የእማዬ ብሎክ ደግሞ 30 ቤት ነው፣ 54 ሺህ ብር! እማዬ የቧንቧ ደረሰኟን ከቦርሳዋ አውጥታ ጎኑ አስቀመጠችው። ልዩነቱ ያስቃልም፣ ያናድዳልም።

ያንን አንድ ገጽ ሒሳብ ከነደረሰኙ አያይዘው፣ ፊርማ አሰባስበው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገቡ። ስምህን እናስገባ ሲሉኝ አይሆንም አልኩ፤ እኔ ማክሰኞ በራሪ ነኝ፣ ጀሪካን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

የውሃው ፈረቃ አሁን በሳምንት ሁለቴ ሆኗል። በደብዳቤው ይሁን በሌላ፣ እንጃ። ባለፈው ሳምንት ባለ እንጀራዋ ደወለች። እሷ ጋ ረፋድ 4 ሰዓት፣ እኔ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት። «ተኝተህ ነው እንዴ? ባለ ጋሪዎቹ 20 ብር አስገቡት፣ ቶሎ አስላልኝ» አለች። ሜትር ኪዩቡ 1,000 ብር አልኳት፣ በእንቅልፍ ልቤ። «እሱንማ እኔም አስልቼዋለሁ፣ እንዳልሳሳት ብዬ ነው» ብላ ዘጋችው።