ኤልም ዛፎቼን ያጠፋው በሽታና እኔ ዘግይቼ የደረስኩበት ነገር

በእርሻ መሬቴ ድንበር ላይ ኤልም ስተክል ያሰብኩት ጥላውንና ነፋስ መከለሉን ብቻ ነበር። ክንፍ ያለው ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ፣ በረገፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእርጥብ መደብ ላይ በትኜ ስስ አፈር አለበስኩት። ችግኞቹን በአንድ ረድፍ፣ በአራት በአራት ሜትር ርቀት ተከልኳቸው፤ ጎረቤት የሆኑ ኤልሞች ሥሮቻቸው ከመሬት በታች ተገናኝተው እንደሚጣበቁ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ዛፎቹ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ካደጉ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲጀምር በአንዱ ዛፍ ጫፍ ላይ የአንድ ቅርንጫፍ ቅጠል ጠውልጎ ቢጫ ሆነ። ውኃ የጠማው መስሎኝ ሁለት ሳምንት አጠጣሁት። በመጨረሻ የቅርንጫፉን ቅርፊት በቢላዋ ስልጥ፣ በእንጨቱ ላይ ቡናማ መስመሮች ወርደው አየሁ፤ የላክሁት ናሙናም የደች ኤልም በሽታ መሆኑን አረጋገጠ። ስሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሆላንድ ተመራማሪዎች ስላጠኑት ነው እንጂ ከዚያ ስለመጣ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ኦፊዮስቶማ የተባለ ፈንገስ ሲሆን፣ ዛፉ እርሱን ለመግታት የራሱን ውኃ ማስተላለፊያ ቧንቧዎች ይዘጋል፤ ስለዚህ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ዛፉ በጥም ይሞታል።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነው። የሞተውን ዛፍ ቆርጬ ግንዱን ከነቅርፊቱ ለማገዶ ከጎተራው አጠገብ ከመርኩት። የኤልም ጥንዚዛ እንቁላሏን የምትጥለው በሞተ ወይም በደከመ ኤልም ቅርፊት ሥር ነው፤ የሚፈለፈሉትም ፈንገሱን ተሸክመው ወጥተው የጤነኛ ዛፎችን ቀንበጥ ይበላሉ። በቀጣዩ ዓመት ከክምሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ዛፎች ከጫፋቸው ጀምረው ደረቁ። ከመጀመሪያው ዛፍ ግራና ቀኝ የነበሩት ደግሞ ቅጠል እንዳወጡ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጠወለጉ፤ እነዚህ የታመሙት በሥር በኩል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የታመመ ዛፍ ከመቁረጤ በፊት በእርሱና በጤነኛው መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሬ ሥሮቹን እለያለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጤነኛው ዛፍ ከተቆረጠው ጉቶ ፈንገሱን በተገናኘው ሥር ሊስብ ይችላልና። ቅርፊቱን ከግንዱም ከጉቶውም ልጬ ወዲያውኑ አቃጥላለሁ። ትኩስ ቁስል ጥንዚዛዎችን ስለሚጠራ ጤነኞቹን የምገርዘው ቅጠላቸውን አራግፈው በሚያርፉበት ቀዝቃዛ ወቅት ብቻ ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ የተያዘ ዛፍ ቀድሜ ባየሁ ጊዜ ግን ወቅት ሳልጠብቅ፣ ቡናማው መስመር ካለቀበት ሦስት ሜትር ያህል ወደ ታች ወርጄ ቆረጥኩት፤ ዛፉም ተርፏል። የፈንገስ መድኃኒት በግንዱ ሥር በመርፌ የማስወጋው ለአንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው፤ መከላከያ እንጂ በሥር የገባውን በሽታ የሚያድን አይደለም፣ በየጥቂት ዓመቱም መደገም አለበት።

በሞቱት ቦታ ፕሪንስተንና ቫሊ ፎርጅ የተባሉትን በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከሌሎች ዛፎች ጋር አሰባጥሬ፣ አራርቄም ተከልኩ። ይቋቋማሉ እንጂ ፈጽሞ አይያዙም ማለት አይደለም። ከአሮጌዎቹ ሥር የበቀሉትን ቀንበጦች ደግሞ አልነቀልኳቸውም፤ ጥንዚዛዎቹ ለመራባት ወፈር ያለ ቅርፊት ስለሚፈልጉ፣ በየዓመቱ እየከረከምኩ በዝቅተኛ አጥርነት አቆያቸዋለሁ።