122 ፈረስና አንድ ቅጥቅጥ

ነገሩ የጀመረው እሁድ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ላይ ነው። ባለቤቴ ከጎኔ፣ ልጃችን ከኋላ፣ እኔ መሪ ላይ ሆነን ወደ እንጦጦ ፓርክ እየወጣን ነበር። መኪናዬ የ2010 ሞዴል ጎልፍ ናት። 1.4 ቲኤስአይ፣ ባለ ቱርቦ። «ባለ ቱርቦ» የምትለዋን ቃል መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ሳልናገራት የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት ሁሉ ተናግሬያታለሁ።

ዳገቱ ሲበረታ ነዳጅ መስጫውን እስከ ምንጣፉ ረገጥኩት። መኪናዋ «ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ ሳምንት ይመለሱ» ዓይነት ድምፅ አሰማች። ከኋላዬ ሰው ጢም ብሎ የሞላበት ቅጥቅጥ ክላክሱን ያስጮኻል። ዳር ያዝኩለት። ሲያልፈን ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቁልቁል አየኝ። ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። ከልቡ አዝኖ «ወንድሜ፣ እንግፋልህ?» አለኝ።

ባለቤቴ ትንፍሽ አላለችም። ፊቷን ወደ ባህር ዛፉ አዙራለች፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልጄ ግን አምስት ዓመቱ ነው፣ ይሉኝታ አያውቅም። «አባዬ፣ ለምን እሺ አላልከውም?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በነጋታው የሰፈራችንን ልጅ ፈለግኩት። ይህ ልጅ ድሮ ሞባይል ይከፍት ነበር፣ አሁን የመኪና ኮምፒውተር ይከፍታል። ላፕቶፑ ላይ ያልለጠፈው የእሽቅድድም ስቲከር የለም። ኮፋኖ እንኳ ሳያስከፍተኝ «ፋዘር፣ ሪማፕ ነው የሚያስፈልጋት» አለኝ። እኔ 38 ዓመቴ ነው። «ፋዘር» የምትለዋ ከረዳቱ ጥያቄ እኩል አመመችኝ፤ ግን የተቸገረ ሰው ነኝና ዋጥ አደረግኳት።

ያስረዳኝን እንደገባኝ ላስረዳችሁ። የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ አለ። ሞተሩ በዚህ ፍጥነት ሲዞር፣ እግርህ ይህን ያህል ሲረግጥ፣ ቱርቦው ይህን ያህል አየር ይግፋ፣ ይህን ያህል ቤንዚን ይረጭ፣ ካንዴላው በዚህች ቅጽበት ይተኩስ የሚል ነው። ፋብሪካው ያን ሰንጠረዥ ሲሞላ እጁን ሰብሰብ ያደርጋል። መኪናዋ በረሃ ትግባ በረዶ፣ የሚቀዳላት ቤንዚን ጥሩ ይሁን ተራ፣ ባለቤቷ ዘይት በጊዜው የሚቀይር ይሁን ወይስ እንደኔ «ትንሽ ትቆይ» የሚል፣ አያውቅም። ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆን ያስቀምጣል። ሪማፕ ማለት ያንን የክፉ ቀን ጥሪት በደግ ቀን አውጥቶ መብላት ነው። ይህ የእኔ ትርጉም ነው። ልጁ ያለኝ «ፋዘር፣ ፋብሪካው ደብቆብህ ነው» ነው።

«አሁን 122 ፈረስ ናት፤ 150 ትገባልሃለች። ቶርኳ፣ የመጠምዘዝ ጉልበቷ ማለት ነው፣ ከ200 ወደ 250 ኒውተን ሜትር ይሄዳል። አንድ ብሎን አልፈታም።» ከዚያ ዋጋውን ነገረኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነባለች።

ማታ ነገሩን ለባለቤቴ በጥንቃቄ ከፈትኩላት።

«አሁን ስንት ፈረስ አላት?» አለችኝ።

«122።»

«እሁድ ዕለት የት ሄደው ነው?»

መልስ ስፈልግ ስልኳን አንስታ አባቷ ጋ ደወለች። አማቼ የእንጅባራ ሰው ናቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሳቸውን ሸልመው ሜዳ ይወጣሉ። ስለ ፈረስ ከሳቸው ጋር መከራከር ስለ ቡና ከጅማ ሰው ጋር እንደመከራከር ነው። ባለቤቴ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ «አባባ፣ ባሌ 28 ፈረስ ልጨምር እያለ ነው» አለቻቸው።

ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «መሬት አገኛችሁ እንዴ?»

የመኪና መሆኑን አስረዳሁ። ሰውየው ቁም ነገረኛ ናቸው፣ አልሳቁም። እንደ ታመመ ከብት ጠየቁኝ።

«ያሉት ይበላሉ?»

«ኧረ አባባ፣ እንደ ጉድ ነው የሚበሉት!» ይህችን እንኳ እውነቴን ነው፤ የቤንዚን ሰልፉን የማውቀው እኔ ነኝ።

«ይተነፍሳሉ?»

«እ… መኪና እኮ ነው አባባ።»

«ፈረስ ሲለግምብህ ጅራፍ አትጨምርበትም ልጄ። አፍንጫውን ነው የምታየው።»

«እሺ አባባ፣ ልክ ነዎት» አልኩ። ስልኩ ሲዘጋ ምክሩንም አብሬ ዘጋሁት። የጎልፍ አፍንጫ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስወስን ማታ ስተው ከረምኩ። ያሰቀቀኝ ካምቢዮዋ ነው። ባለ 7 ማርሽ አውቶማቲክ ናት፤ ውስጡ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን አለው። ፋብሪካው ለዚህ ካምቢዮ የወሰነለት የቶርክ ጣሪያ ደግሞ 250 ነው። ልጁ አስገባልሃለሁ ያለኝም 250። በሌላ አነጋገር ጭንቅላቴን ኮርኒሱ ላይ አስደግፌ ልኖር ነው። ያውም ደረቅ ፍሪሲዮን ከምንም በላይ የሚያንገሸግሸው ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ የምመላለሰው ከመገናኛ ሜክሲኮ ነው። በዚያ መንገድ ላይ 150 ፈረስ ይዞ መቆም ከ122 ፈረስ ጋር ከመቆም በምን እንደሚለይ ራሴን ጠይቄ መልስ አጣሁ። ትራፊክ ፖሊሱ እንኳ በፈረስ ብዛት አያሳልፍም።

ደግሞ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃው እንኳ 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላብን ለዚህ ነው። ቱርቦ የሌላት መኪና እዚህ ከጉልበቷ ሩብ ያህሉን ታጣለች። ቱርቦ ያላት ግን ቱርቦው ፈጠን ብሎ እየዞረ የጎደለውን አየር ይሞላላታል። ሪማፕ ስታስደርጋት ቀድሞውንም ትርፍ ሰዓት የሚሠራውን ቱርቦ የሌሊት ፈረቃ ግባ እያልከው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

እዚህ ጋ ነቃ ያለ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ቱርቦው የጎደለውን የሚሞላ ከሆነ ቅጥቅጡ ለምን አለፈህ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለእኔ አልመጣልኝም እንጂ።

መሥሪያ ቤት «ሽጣትና ሌላ ግዛ» ያሉኝም ነበሩ። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ሌላ ማለት ኤሌክትሪክ ማለት ነው። አይዲ 4 የምትባለዋን የኤሌክትሪክ መኪና የምትነዳ አንዲት ባልደረባችን ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ፈረስ ጉልበት ስተነትን ዝም ብላ ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ «ስለ ፈረስ ስታወራ ደስ ትለኛለህ፣ አያቴን ነው የምታስታውሰኝ» አለችኝ። ፋዘር የተባልኩት ሳያንስ አያት ሆንኩ። በዚያች ሰዓት ወሰንኩ። ሪማፕ!

ቅዳሜ ማለዳ ልጁ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «መጀመሪያ ዳታ እንቅዳ፣ ፋዘር፤ ከሪማፕ በፊትና በኋላ እናወዳድራለን» አለ። ዳገት ያስፈልጋል አለ። ዳገት ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ነው።

ሽሮ ሜዳ፣ ከሀበሻ ልብስ ሱቆቹ አጠገብ። ገመዱን ከመሪው ሥር ሰካ። «ስነግርህ ሙሉ ርገጥ። እንዳትራራላት።» ጸለይኩ። «አሁን!» አለ። ረገጥኩ። መኪናዋ አቃሰተች፣ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች፣ ቆጣሪው ሽቅብ ሲል የልጁ ዓይን በራ፣ እኔም ያንን ረዳት በዓይነ ሕሊናዬ ከኋላዬ አስቀረሁት፤ ከዚያ፣

ጧ!

ቀጥሎ ፉፉፉፉፍ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ። ጥበብ ቀሚስ ስታሰቅል የነበረች ሴትዮ ከነቀሚሱ ዝቅ አለች። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ወጣ፤ በዱላው ምን ሊያደርግ እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አንዱ «ጎማ ነው!» ይላል፣ ሌላው «ጎማ እንዲህ አይጮህም!» ይላል። መኪናዋ ከዚያ በኋላ በእግረኛ ፍጥነት ነው የሄደችው። ዳሽቦርዱ ላይ ኢፒሲ የሚል ቢጫ መብራት በራ፤ ከዱሮው ቢጫ መብራት ጎን ጎረቤት ሆኖ ተቀመጠ።

ልጁ ላፕቶፑን አነበበ። «ፒ 0299።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቱርቦው የታዘዘውን ያህል ግፊት እያመጣ አይደለም።»

«ይህንን ሽሮ ሜዳ በሙሉ ሰምቷል!»

«አይ ፋዘር፣ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ቆይቶ የተመዘገበ ነው። ይሄኛው መብራት በርቶ አያውቅም?»

በርቶ አያውቅም ወይ? ጠፍቶ አያውቅም እንጂ! መኪናዋን ስገዛ ሻጩን ጠይቄው «እሱ ሴንሰር ነው፣ ችግር የለውም» ብሎኛል። እንግዲህ በዚህ አገር «ሴንሰር ነው» ከተባለ በኋላ ማን ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል? እኔም የሚሳፈረው ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ በሙሉ እምነት «ሴንሰር ነው» እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ ነድቻለሁ።

ቁልቁል እያንደረደርን ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ የቆዩ መካኒክ ጋ ወረድን። ሰውየው ኮፋኖውን ከፈቱ፣ ባትሪ አበሩ፣ ቋ የሚል ሳቅ ሳቁ። «ና ልጄ፣ ና እይ።»

ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው ቱቦ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀው ዛሬ አይደለም። ስንጥቁ ላይ ፌስታል ተጠምጥሞበታል፣ ፌስታሉ ላይ ከጎማ ላስቲክ የተቆረጠ ጥብጣብ፣ ጥብጣቡ ላይ ሽቦ። ፌስታሉ ላይ የሱፐርማርኬቱ ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ከፊሉ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ጋሼ፣ ሽቦውን በሁለት ጣታቸው እያነሱ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋሼ ግን «እስቲ ፊልትሮዋንም ልይላት» አሉና የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከፈቱ። ፊልትሮው አይታይም። በላዩ ላይ ጎጆ ተሠርቶበታል። የተቦጫጨቀ ሶፍት፣ የወንበር ስፖንጅ፣ ግማሽ እፍኝ የሚሆን ቆሎ፣ እና መሃል ላይ፣ አልጋ ሆና የተነጠፈች፣ ቢጫ ካልሲ።

ያቺን ካልሲ አውቃታለሁ። የልጄ ናት። ባለፈው ክረምት ታጥባ ግቢ ከተሰጣችበት ስትጠፋ «አንተ ነህ የሆነ ቦታ የወረወርካት» ተብዬ ሁለት ቀን የተኮረፍኩባት ካልሲ ናት።

«አይጥ ወልዳበታለች» አሉ ጋሼ። «ልጆቿንም ድራ የሄደች ይመስላል።» ቀጥለው ኮፋኖውን መታ መታ አደረጉት። «ይቺ መኪና በአንድ አፍንጫዋ እየተነፈሰች፣ ያንኑም በጎኗ እያፈሰሰች ነው እንጦጦ ስትወጣ የኖረችው? ጀግና ናት እኮ!»

ልጁ እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። «ፋዘር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዲህ እያለች ሪማፕ ባደርጋት ኖሮ ቱርቦው ያልደረሰለትን ግፊት አመጣለሁ ብሎ ሲሽከረከር ይሞት ነበር።» ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ ውስጥ አክብሮት ሰማሁ። ለመኪናዋ።

ቱቦውን ለማግኘት ሱማሌ ተራን ሁለት ቀን አሰስኩ። ከአዲስ ፊልትሮና ከጋሼ የእጅ ዋጋ ጋር ጠቅላላ ወጪዬ ልጁ ከጠየቀኝ ግማሽ አልደረሰም። ይህኛውን ዋጋ ባለቤቴ ታውቀዋለች፣ ራሴ ነኝ በደስታ የነገርኳት። ካልሲዋንም በፌስታል ቋጥሬ ወስጄ እራት ጠረጴዛ ላይ እንደ ኤግዚቢት አስቀመጥኳት። ይቅርታ ጠበቅኩ። «እሷን ከምግብ ላይ አንሳልኝ» ነው የተባልኩት።

ባለቤቴ እንጅባራ ደወለች።

«አፍንጫው ነበር?» አሉ አማቼ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«አይጥ ወልዳበት ነበር አባባ።»

ሰውየው ሳቁን የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ስልኩ እስኪዘጋ አላቆሙም። መሃል ላይ «እኔ ስንት ፈረስ አሳድጌያለሁ፣ አይጥ የወለደችበት ግን…» የሚል ሰምቻለሁ፤ ሳቅ አላስጨረሳቸውም።

ልጁ አሁንም በየሳምንቱ «ፋዘር፣ ወሰንክ?» እያለ ይጽፍልኛል። «እያሰብኩበት ነው» እላለሁ። እውነቴን ነው፣ አልፎ አልፎ አስብበታለሁ፤ በተለይ አይዲ 4ቷ ድምፅ ሳታሰማ በጎኔ ስታልፍ።

ያለፈው እሁድ ግን ሽሮ ሜዳ ወጣን። ረገጥኳት። አልተናገረችም፣ ሄደች። ያቺ መኪና ሄደች ስላችሁ! ባለቤቴ የበሩን እጀታ ያዘች፣ ልጄ «እንደገና! እንደገና!» አለ። ከላይ ደርሰን ዞረን ወረድን፣ እንደገና ወጣን፣ ወረድን። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ «ማንን ነው የምንጠብቀው?» አለችኝ። አውቃለች፣ ግን ከአፌ መስማት ፈልጋ ነው።

ከዚያ መጣ። ቅጥቅጡ፣ ዳገቱ መሃል ላይ እያለከለከ፣ ረዳቱ በሩ ላይ። ከጎኑ ደረስኩ፣ ፍጥነቴን አስተካከልኩ፣ መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ። ለሦስት ሳምንት በመታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት የተለማመድኩትን ጮኼ ተናገርኩ፦

«ወንድሜ! እንግፋላችሁ?»

ረዳቱ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። ባለቤቴን አየ፣ ልጄን አየ፣ በዓይኑ ቆጠረን። ፊቱ በራ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ የመኪናውን ቆርቆሮ ደበደበ፦

«ያዘው! ያዘው! ሦስት ሰው አለ!»