ያልነካሁት ቢዩሬት

ሰኔ 2016 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ዛሬ ማታ እናቴ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዤው የምገባውን አንሶላና ብርድ ልብስ ስታጣጥፍ፣ እኔ የኬሚስትሪ ደብተሬ ውስጥ ያለው የቢዩሬት (ፈሳሽን እየለካ በጠብታ የሚያወርድ ቀጭን የመስታወት ቱቦ) ሥዕል ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆየሁ። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ከሳሉት የገለበጥኩት ነው፤ ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ከታች ባለው መክፈቻም ላይ ቀስት አድርጌ ስሙን ጽፌበታለሁ። የታይትሬሽን፣ ማለትም አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ ጠብ እያደረጉ የጥንካሬውን መጠን የማወቂያ ሙከራ፣ ጥያቄ ቢመጣ ቀመሩን አስገብቼ እሠራዋለሁ። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድና ፈሳሹ ድንገት ወደ ሮዝ ሲለወጥ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። እኔ በተማርኩባቸው አራት ዓመታት የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ እንደተቆለፈ ነው የኖረው። በእረፍት ሰዓት ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ስመለከት፣ አቧራ የለበሱ ብልቃጦች በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ይታዩኛል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ስንጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይልከናል።

ፈተናው ከባድ መሆኑ አያስከፋኝም። ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ወደ 845 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ መሆናቸው ሲነገር ግን፣ ታክሲ ውስጥም ሰፈር ውስጥም ሰው ሁሉ «ልጆቹ አያነቡም» ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የምናነበው በምን እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም።

የፊዚክስ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ አንድ ስለሚደርስ፣ እኔ የማጠናው ከቴሌግራም ባወረድኩት ቅጂ በእናቴ ስልክ ነው። ስልኩ ቀን ከእርሷ ጋር ሥራ ይውላል፤ ማታ እጄ ሲገባ ደግሞ ሥዕላዊ መግለጫውን ለማየት ገጹን በጣቴ ሳሰፋው ጽሑፉ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ጽሑፉን ስመልሰው ሥዕሉ ይጠፋል። በዚህ መሃል መብራት ከሄደና ባትሪው ካለቀ፣ የዚያ ቀን ጥናት በዚያው ያበቃል። ጠዋት ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ የሚሄደው የታክሲ ወረፋ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ ስደርስ በሩ ተዘግቶ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ሆኖ ሳለ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ያሳለፍኳቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። ያመለጠኝን ከጓደኛዬ ደብተር እገለብጣለሁ፤ ጥያቄው እንዴት እንደተሠራ ግን ደብተሩ አይነግረኝም።

ወደ መፈተኛው ግቢ ስልክ ይዞ መግባት ስለተከለከለ፣ መጽሐፌ የሆነው ስልክ ቤት ይቀራል። ስለዚህ ዋና ዋናውን ሁሉ በእጄ ወረቀት ላይ እየገለበጥኩ ነው፤ ቢዩሬቱንም በማስመሪያ አቃንቼ እንደገና ሳልኩት። እናቴ ብርድ ልብሱን ሻንጣው ውስጥ አስገብታ «በይ ተኚ የኔ ልጅ፣ ነገም ወረፋ አለብሽ» አለችኝ። መብራቱ ሳይሄድ ይህቺን ገጽ ብቻ ልጨርስ ብዬ ለመንኳት።