9 በስንት?

አንድ የጥበቃ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁት የጽሕፈትና የጽዳት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር። እዚያ ወረቀት ሲታዘዝ «ኤፎር» ከተባለ አለቀ፤ ማንም ሌላ ነገር ይዞ አይመጣም። የጦር መሣሪያ ክፍሉን ስረከብም ነገሩ ያው መሰለኝ። መደርደሪያ፣ መዝገብ፣ ቁልፍ፣ ፊርማ። ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። የምይዘው መዝገቡን ነው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከሥልጠና ክፍል አንድ ብጣሽ ወረቀት መጣ። በእጅ የተጻፈ ነው። «9 ሚሊ፣ 400፣ ፒኤም» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። 9 ሚሊ የሽጉጥ ጥይት እንደሆነ ሰምቻለሁ። 400 ብዛቱ ነው። ፒኤም ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይድረስልን ማለት ነው አልኩ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነበር፣ ቢያንስ ለእኔ። ማዘዣው ላይ «9 ሚሊ የሽጉጥ ጥይት፣ 400 ፍሬ፣ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ» ብዬ ጽፌ፣ አስፈርሜ ላክሁት። አቅራቢውም 9 ሚሊ ሲባል ዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበትን ላከ። ከሰዓት በኋላ፣ ልክ እንዳልኩት ደረሰ። ሳጥኑን ቆጥሬ ተረከብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰልጣኞቹ ተኩስ ሜዳ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለልኝ፤ «ጋሼ ይጠሩሻል፣ ቶሎ ነይ»። አሰልጣኙን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስደርስ ሰልጣኞቹ ቆመዋል። ሽጉጦቹ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥይት የሚሞላበት ካዝናቸው ወጥቶ። አንዱ ልጅ ግን ካዝና በእጁ ይዞ ጥይቱን በአውራ ጣቱ እየገፋ ነበር። ጥይቱ አይገባም። ጫፉ ከካዝናው አፍ ውጭ ይቀራል። ልጁ ደግሞ በጉልበት ሊያስገባው ነው፣ ጣቱ እስኪቀላ። ጋሼ ሄደው እጁን ያዙት። «የማይገባ ጥይት አይገፋም፤ አስቀምጠው» አሉት። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ቀልቤ ተገፈፈ።

አልተቆጡም። ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው፣ «ይቺን ምን ብለሽ ነው ያነበብሻት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ፒኤም የሚለው ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «ይሄ የሽጉጡ ስም ነው፤ ፒስቶሌት ማካሮቫ፣ የማካሮቭ ሽጉጥ፤ ራሺያዎቹ አሳጥረው ሲጽፉት እንዲህ ነው» አሉ። ወረቀቱ ላይ የትኛው ጥይት እንደሚያስፈልግ የሚናገሩት እነዚያ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበሩ። እኔ እነሱን ሰዓት አድርጌያቸዋለሁ።

የዚያን ቀን ተኩስ ቀረ። ሰልጣኞቹ ሽጉጥ ፈትቶ መግጠም ሲለማመዱ ዋሉ። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቢሮ ተቀመጥኩ።

ሁለት ጥይት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆሙ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ጥይት ከሌላው አጠገብ አድርጌ አይቼ አላውቅም። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እኔ ያስመጣሁት 30 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ የማካሮቩ 25 ገደማ ነው። ግማሽ ሴንቲ ያህል ይበላለጣሉ። ካዝናው አልቀበልም ያለው ለዚህ ነው። «ያንቺ 9×19 ነው፣ 9 በ19 ተብሎ ይነበባል። የእኛ 9×18 ነው» አሉ። የፊተኛው ቁጥር የአረሩ፣ ማለትም ተወርውሮ የሚሄደው ጫፍ ውፍረት ነው፣ የኋለኛው የቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው ቆርቆሮ ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። «9 ሚሊ ብሎ ማዘዝ ሰውን ያለ አባት ስም መጥራት ነው» አሉኝ። «ብዙ ሰው ይዞራል።»

እዚህ ላይ ገባኝ ብዬ ልነሳ ስል ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ አወጡ። የአረሮቹን ውፍረት አስለኩኝ። የ9×19ኙ 9.01 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የማካሮቩ 9.27 ገደማ። ሁለቱም 9 ይባላሉ! ሩብ ሚሊ ሜትር ኢምንት ይመስላል። በርሜል ውስጥ ግን ብዙ ነው፤ አረሩ በርሜሉን ጠበቅ አድርጎ ይዞ እንዲያልፍ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሳጥን ላይ ያለው ቁጥር መጠሪያ ነው፤ ልኬት ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ደግሞ አንዱ ጥይት ብዙ ስም አለው። 9×19 አንዱ ሳጥን ላይ 9 ሚሊ ሉገር፣ ሌላው ላይ 9 ሚሊ ፓራቤሉም ተብሎ ይጻፋል፤ 9 ፓራ ብለው የሚያሳጥሩትም አሉ። ሉገር የቀረጸው ኦስትሪያዊ ስም ነው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ። ፓራቤሉም ደግሞ ከላቲን የመጣ ነው፣ «ለጦርነት ተዘጋጅ» እንደማለት። ሦስቱም አንድ ጥይት ናቸው። ከዚያ 9 ሚሊ ኩርዝ የሚባል አለ፤ ኩርዝ በጀርመንኛ አጭር ነው። እሱ 9×17 ነው፣ ሌላ ጥይት ነው። አሜሪካኖቹ ያንኑ 380 ኤሲፒ ይሉታል። ኤሲፒ ማለት የኮልት አውቶማቲክ ሽጉጥ ማለት ነው። ጀማሪ ሰው 9 ኩርዝና 380 ኤሲፒ አንድ ናቸው ቢባል ከየት ያውቃል? አያውቅም። የግድ ሰው ሊነግረው ይገባል።

መጠየቅ ከጀመርኩ በኋላ ስንት ነገር እንደተሳሳትኩ ታየኝ። ቀደም ሲል ለማጓጓዣ ክፍል የክብደት ቅጽ ሞልቼ ነበር። የጥይት ሳጥን ላይ 115 ጂአር ይላል። ጂአር ግራም መስሎኝ 1000 ጥይት 115 ኪሎ ብዬ ጻፍኩ። ጂአር ግራም አይደለም፣ ግሬይን ነው። አንድ ፓውንድ ውስጥ 7000 ግሬይን አለ። 115 ግሬይን ሰባት ግራም ተኩል ገደማ ነው፣ እሱም የአረሩ ብቻ፤ ቀለሁና ባሩዱ አይቆጠርም። ሺው ጥይት በሙሉ ቢመዘን ወደ 12 ኪሎ ነው። ለ12 ኪሎ ዕቃ የ115 ኪሎ ቅጽ!

የጠመንጃው ጥይት ላይም እንዲሁ። 7.62 የሚባል ሁሉ የክላሽ ጥይት መስሎኝ ነበር። የክላሹ 7.62×39 ነው። መደርደሪያው ላይ 7.62×54 የሚልም ነበረ፣ መጨረሻው ላይ አር ያለበት። አሩን ራሺያ ብዬ አስቤው ነበር። ጋሼ ጥይቱን ገልብጠው ቂጡን አሳዩኝ፤ ዙሪያውን ከቀለሁ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። አሩ ያንን ከንፈር ነው የሚለው፣ በእንግሊዝኛ ሪም ይሉታል። ጣቴን አዞርኩበት። የክላሹ ላይ ያ ከንፈር ወጣ ብሎ አይገኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ዓይኔን ጨፍኜም እለያቸዋለሁ።

ኤፍኤምጄ የሚለውን ቶሎ ያዝኩት፤ እርሳሱ ሙሉ በሌላ ብረት የተለበጠ አረር ነው። የክላሽ ዓይነት የሆነው ኤኬኤምኤስ መጨረሻ ላይ ያለው ኤስ ሰደፉ የሚታጠፍ መሆኑን ይናገራል። እነዚህ ብዙ አላስቸገሩኝም።

ያስፈራኝ የአደን ጠመንጃው ነው። በኋላ 12 ጌጅ ጠመንጃዎች ገቡልን። ጌጅ የሚቆጠረው በሚሊ ሜትር አይደለም። አንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት እኩል ድቡልቡል ሲወጣው ነው አንዱ በርሜሉን የሚሞላው፣ ይሄ ነው ቁጥሩ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ በርሜሉ ይጠባል፤ 20 ጌጅ ከ12 ጌጅ ያንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው 20 ይበልጣል ብሎ ይደረድራል፣ እኔም ልደረድር ነበር። ጋሼ ያኔ ድምፃቸው ተለወጠ። የ20 ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ተንሸራትቶ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ ሲያየው ጠመንጃው ባዶ ይመስለዋል። ከኋላው የ12 ጥይት ያጎርሳል። ቃታውን ሲስብ በርሜሉ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ ቀለም የሚቀባው ከዚህ የተነሳ ነው። ቢጫውን ለብቻው፣ በሌላ ቁም ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ አስቀመጥኩት። ማንም ያን አድርጊ ብሎ አላዘዘኝም።

እና ደግሞ «ባዶ ነው» የምትለዋ ቃል አለች። የእኛው ቋንቋ ናት፣ ምህጻረ ቃል አይደለችም፣ ግን ከሁሉም የባሰች ሆና አገኘኋት። አንድ ጥበቃ ከሥራ ሲወጣ ሽጉጡን ሊያስረክበኝ መጣ። «ባዶ ነው» አለኝ። ካዝናውን ለብቻው ሰጠኝ። እንደ ድሮው ቢሆን ተቀብዬ መደርደሪያ ላይ አኖረው ነበር። «ስበህ አሳየኝ፣ ወንድሜ» አልኩት። አፈሙዙን ወደ አሸዋው ሣጥን አድርጎ የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ሳበው። አንድ ጥይት ተስፈንጥሮ ወለሉ ላይ ኳኳ። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። አልዋሸም እኮ፤ እሱ ባዶ ያለው ካዝናውን ነው። ሽጉጡ ግን ጥይት ጎርሶ ነበር፣ አንዱ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ። ማካሮቭ ደግሞ ካዝናው ቢወጣም የጎረሰውን ይተኩሳል። ባርቆ ቢሆን ኖሮ መካከላችን ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው።

ከዚያ በኋላ የመረከቢያ ቅጹን እንዲለወጥ ጠየቅሁ። «ባዶ» የሚለው ሳጥን ወጣ። በምትኩ ሁለት መስመር ገባ፤ «ካዝናው ወጥቷል» እና «ተስቦ ታይቷል፣ አልጎረሰም»። ሁለቱም ላይ አስረካቢውም ተረካቢውም ይፈርማሉ። አንዳንዶቹ ጊዜ ይፈጃል ብለው አጉረመረሙ። አልለቀቅኩም። የጥይት መጠየቂያው ላይም የመሣሪያው ስም ሳይቆረጥ የሚጻፍበት ቦታ፣ ለጥይቱም ሁለቱ ቁጥሮች የሚገቡበት ቦታ ተጨመረ። ጥይቱ ሲገባም ናሙና አውጥቼ ቂጡ ላይ የተቀረጸውን አነባለሁ፣ በርሜሉ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አስተያያለሁ፣ ከዚያ ነው የምፈርመው።

ባለፈው ወር አዲስ የተቀጠረች ልጅ መጠየቂያ ይዛ መጣች። የሥልጠና ክፍሉ ሰው በስልክ የነገራትን ነው የጻፈችው። «9 ሚሊ፣ 200» ይላል። «9 በስንት?» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። መሳቢያዬን ከፍቼ፣ ጋሼ ለማስተማሪያ ብለው ባሩዳቸውን አስወጥተው የሰጡኝን ሁለቱን ጥይቶች አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አቆምኳቸው። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።