«በጀት የለም» በተባልንበት ዓመት የህብረት ስምምነት የፈረምነው እንዴት ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሠራተኛ ማህበራችን ሊቀመንበርም ነኝ። ትምህርት ቤቱ «በጀት የለም፣ ሠራተኛ እንቀንሳለን» ባለበት ዓመት ነው ተደራድረን የህብረት ስምምነት፣ ማለትም ማህበሩና አሠሪው ስለ ሠራተኛው ሁሉ የሚገቡትን የጋራ ውል፣ የፈረምነው። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲ፣ ከዓለም ከተማ የሚደውሉ መምህራን «እንዴት አድርጋችሁ ነው?» ይሉኛል። በስልክ ተነግሮ አያልቅም፤ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ብዙ ሰው ድርድር የሚደረገው ድርጅቱ ሲያተርፍ ነው ብሎ ያስባል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ገንዘብ ሲኖር ማህበር ባይኖርም ባለቤቱ መምህር እንዳይሸሽበት ትንሽ ይጨምራል። ገንዘብ ሲጠፋ ነው ማን ይቀነሳል፣ ማን ይቀድማል፣ የሚሄደውስ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው የሚመጣው። ያኔ በወረቀት የተያዘ ነገር ከሌለ ሰው የሚቀረውም የሚሄደውም ፊቱ እየታየ ነው።

የእኛ ውል የአስር ወር ነበር። «ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30» ይላል፣ ከሥሩ የሁለት ወገን ፊርማ። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። አከራይ ደግሞ ክረምት የለውም፣ ኪራዩን በወሩ ይፈልጋል። ገሚሱ መንዝ ወላጆቹ ጋ ይሄዳል፣ ገሚሱ ቤት ለቤት እየዞረ ያስጠናል፣ ገሚሱ ይበደራል። መስከረም ላይ አዲስ ውል ይመጣና ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው እንደገና «የሙከራ ጊዜ ላይ ነህ» ይባላል። ሁላችንም የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን እንፈርም ነበር።

ከዚያ ነገሩ ባሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ በኋላ የወረቀቱም የዘይቱም ዋጋ ሲወጣ አየነው። በጸጥታው ምክንያት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ወላጆችም ነበሩ። ግንቦት ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍያ ቀርቷል፣ የትራንስፖርት አበል ቀርቷል፣ ለቀጣዩ ዓመት «የሠራተኛ ቁጥር ይስተካከላል»። ይስተካከላል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንንም አልጠፋውም።

ማህበሩን ያቋቋምነው ከዚያ ደብዳቤ ቀደም ብለን ነው፣ ይሄ በጣም ጠቅሞናል። የግል ትምህርት ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ቢያንስ 10 ሠራተኛ ካለ መሠረታዊ የሠራተኛ ማህበር ማቋቋም ይቻላል። መተዳደሪያ ደንብ ታዘጋጃላችሁ፣ መሪ ትመርጣላችሁ፣ ቃለ ጉባኤውን አስፈርማችሁ ለመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ታስገባላችሁ፣ የምዝገባ ሰርተፊኬት ትቀበላላችሁ። ከባዱ ወረቀቱ አይደለም። ከባዱ ሰው ነው።

ኬጂ ያለች ረዳት መምህርት ቅጹን ይዛ ቆማ «ቲቸር፣ ፈርሜ ከነገ ጀምሮ አትግቢ ቢሉኝስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። «አይዞሽ» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ አዋጁን ገልጬ አንቀጽ 26ን አብረን አነበብን። የሠራተኛ ማህበር አባል መሆን ውል ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፈረመች፣ ሌሎቹንም ሞግዚቶች ይዛ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አዋጁን በቦርሳዬ ሳልይዝ ስለ ማህበር አላወራም።

ሌላው የጠቀመን ማህበሩን የመምህራን ብቻ አለማድረጋችን ነው። ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ ካሸሯ፣ ሞግዚቶቹ ሁሉ አሉበት። አንዳንድ መምህር «የኛ ጉዳይ ሌላ ነው» ብሎ ነበር። ግን ደመወዙ አንድ ፔሮል ላይ ነው የሚወጣው፣ ቅነሳውም ሁሉንም ነው የሚነካው። ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚገባ ምን እንደሚወጣ ከጥበቃው ጋሼ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤው እንደተለጠፈ በጽሑፍ የድርድር ጥያቄ አስገባን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ በቃል አይሆንም። ጥያቄው በጽሑፍ ከደረሰው ሌላው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፣ በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታም አለበት። መዝገብ ቤት አስገብተን ቀሪው ላይ ማህተምና ቀን አስመታን። መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውን ነበር፣ ማህተም ያለበትን ቀሪ ሲያዩ ግን ጠበቃ ይዘው መጡ። ይምጡ፤ ጠበቃ አዋጁን ስለሚያውቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያሳጥራል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ገንዘብ አልነበረም። በሳምንት ስንት ቀን እንገናኛለን፣ ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል፣ ድርድሩ ሳያልቅ ማንም ሠራተኛ ለብቻው ተጠርቶ ውል እንዳይፈርም የሚለውን ተስማማን። ይህች የመጨረሻዋ ወርቅ ናት። ቢሮ እየጠሩ አንድ በአንድ ማስፈረም ከተጀመረ ማህበሩ ቁጭ ብሎ እያየ ያልቃል።

አሁን «በጀት የለም» ወደሚለው ልምጣ። እኛ «አለ» ብለን አልተከራከርንም። «እሺ፣ እንየው» አልን። የሂሳብ መዝገቡን ለማሳየት አልፈለጉም። ታዲያ የክፍል ኃላፊ መምህራን በየክፍላቸው ያለውን የተማሪ ስም ዝርዝር ይዘው መጡ። ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋቢ ደርበን ተቀምጠን በየክፍሉ የተማሪውን ቁጥር ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፍን፣ ወርሃዊ ክፍያው የተለጠፈ ስለሆነ አባዛነው፣ የሠራተኛ ልጅ ሆኖ በግማሽ የሚከፍለውንና በነፃ የሚማረውን ቀነስን። የሂሳብ መምህራችን ደግሞ የሁላችንን ደመወዝ ከአባላቱ ጠይቆ ደመረው። የወጣው ቁጥር ተማሪ መቀነሱን በእርግጥ ያሳያል፣ ይሄን እኛም አልካድንም። ግን የተማሪው መቀነስ ትምህርት ቤቱ ሊያሰናብት ካሰበው ሰው ብዛት ጋር አይመጣጠንም።

ሁለተኛው መረጃ ከወላጆች መጣ። በዚያው ዓመት የትምህርት ክፍያ ሲጨመር ወላጆች ተሰብስበው ተወያይተው ነበር፣ ለጭማሪው የተሰጠው ምክንያት ደግሞ «ለመምህራን ደመወዝ ማስተካከያ» የሚል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። የወላጅ ኮሚቴው ኮፒውን ሰጠን። ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጠው ጠበቃቸው አነበበው፣ ለባለቤቱ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው፣ ለሻይ ተነሱ። ከሻይ በኋላ የነበረው ንግግር ከዚያ በፊት ከነበረው በጣም የተለየ ነው።

ስለ ውሉ የያዝነው ክርክር ከአዋጁ የተነሳ ነው። አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ማድረግ የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። ማስተማር ለትምህርት ቤት ቋሚ ሥራው ነው፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ያው ሰው ያንኑ ክፍል ይዞ የሚገባ ከሆነ የምን የአስር ወር ውል ነው አልን። ስለ ሙከራ ጊዜውማ ሕጉ ግልጽ ነው፣ ለዚያው አሠሪ በዚያው ሥራ እንደገና የተቀጠረ ሰው ለሙከራ አይቀጠርም። አንቀጽ 11 ነው፣ አንብቡት።

ቅነሳው ላይ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። አዋጁ የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ 10 በመቶውን ሠራተኛ የሚነካውን ነው፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው። ያሰቡት ከዚያ በላይ ስለነበር ከማህበሩ ጋር መመካከር ግዴታቸው ሆነ። ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያለው ይቀራል፤ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚቀነሰው አገልግሎቱ ያነሰ፣ ከዚያ ጥገኛ ቤተሰቡ ያነሰ እያለ ይሄዳል። ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ አካል ጉዳተኞች ወደ መጨረሻ የሚቀመጡ ናቸው። ችግሩ «ችሎታ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ያልወደደውን ሁሉ ችሎታ የለውም ሊል ይችላል። ስለዚህ ችሎታ የሚለካው ባለፉት ዓመታት በተሞላውና ሠራተኛው በፈረመበት የሥራ አፈጻጸም ውጤት ብቻ ነው የሚል አንቀጽ አስገባን። ይህን አንቀጽ ከደመወዝ ጭማሪ አስበልጬ ነው የማየው።

ክፍያውንም ለአባላቱ ቁጭ ብለን አሰላን፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚገባውን አያውቅም። አንድ ሰው 6 ዓመት አገልግሎ በቅነሳ ቢሰናበት፣ የቀን አማካይ ደመወዙን 300 ብር እንበለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ 9,000 ብር። ለቀሩት 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 15,000 ብር። ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል፣ 18,000 ብር። ድምሩ 42,000 ብር ነው። የአስር ወር ውል ያለው ሰው ግን «ውልህ አልቋል» ተብሎ ይህን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ለምን ስለ ውሉ እንዲያ እንደታገልን ያኔ ለሁሉም ገባው።

ድርድሩ በቆየ ቁጥር አባላት ይደክማሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ በዚያው ቀን ምሽት የተባለውን በቴሌግራም ለሁሉም ጻፍን፤ ጥሩም ቢሆን መጥፎም ቢሆን፣ ሳናጋንን። ወሬ የሚገባው ክፍተት ሲያገኝ ነው። ከመዋጯችንም ትንሽ የብድር ገንዘብ አቋቋምን፣ ክረምቱን ለሚያልፍ ሰው ያለ ወለድ። አንዷ ባልደረባችን ወሊድ ላይ ስለነበረች ተራ ገብተን ቤቷ እየሄድን አሳወቅናት፣ የወሊድ ፈቃዷ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ መሆኑንም ከነአንቀጹ ይዘንላት ሄድን። ሥራ ማቆም የሚል ሐሳብ ያነሱ ነበሩ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያና የአባላት ድምፅ ይጠይቃል። ግን የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ነበርና ልጆቹን ማን ያስተምር? ካልተስማማን ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ እንሄዳለን ብለን ወሰንን። እዚያ ሳንደርስ ተስማማን።

ያገኘነው ይሄ ነው። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ሆነ። የሐምሌ ደመወዝ ሙሉ፣ የነሐሴ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ከዚያ በኋላ ሙሉ። የለቀቀ ሰው ቦታ ሳይሞላ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ተሸጋሽጎ ብዙው ቅነሳ ቀረ። ሳይሳካ የቀረም አለ፤ አንዱ የኬጂ ቅርንጫፍ ተዘግቶ የሄዱ ባልደረቦች አሉ፣ ሙሉ ክፍያቸውን ይዘው ነው የሄዱት፣ ግን ሄዱ፣ እስካሁን ያመኛል። የትራንስፖርት አበሉ አልተመለሰም። ደመወዝም አልተጨመረም፣ ጥር ላይ የተማሪ ቁጥር ታይቶ እንደገና እንነጋገርበታለን የሚል አንቀጽ ነው ያለው። «ጭማሪ የሌለው ምን ስምምነት ነው?» ብለው የተቆጡ አባላት አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል። እኔ ግን በዚያ ዓመት ጭማሪ አስቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ለቀሩት ሰዎች ጥቂት ብር አስጨምረን ብዙ ሰው እናጣ ነበር ባይ ነኝ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ለምትጠይቁኝ፦ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው። የምትተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ ደመወዛችሁ በጠረጴዛ ድርድር አይወሰንም። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የህብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87ና 98 ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ ተቀብላለች፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 አለው። መምህሩ በሙሉ እንደኛ ቁጭ ብሎ የሚደራደርበት ሕግ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ፣ የመምህራን ማህበርም ይህን ከመጠየቅ መቦዘን የለበትም። እስከዚያው ግን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አትርሱ። የደረጃ እድገት ውዝፍ ወይም ያልተከፈለ የማካካሻ ትምህርት ክፍያ ካላችሁ በየስማችሁ፣ በወሩና በብሩ ዘርዝራችሁ የወረዳው ማህበር ማህተም አድርጎበት የወረዳው በጀት ከመጽደቁ በፊት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይግባ። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፣ «በሚቀጥለው ዓመት» ነው።

እኛ ጋ አሁን ያለው ሥራ የሞግዚቶቹ ደመወዝ ነው። ከሁላችንም ያነሰ የሚከፈላቸው እነሱ ናቸው፣ በስምምነቱም ብዙ አልተነካላቸውም። ጥር ላይ የደመወዝ ንግግሩ እንደገና ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሳው የእነሱ እንዲሆን ጠቅላላ ጉባኤው ወስኗል፣ መምህራኑም እጃቸውን አውጥተው ደግፈውታል።